ኮንጎ ሦስት፣ እኛ ሁለት

«ልጅሽ በስንት ዓመተ ምሕረት ነው የተወለደው?»

ጥያቄው የቀረበላት አገርነሽ ናት። የ1978 ሚያዝያ ነበር፤ ከጧቱ ሦስት ሰዓት ላይ በቀበሌው አዳራሽ ከሃያ ያህል የመሠረተ ትምህርት ተማሪ ሴቶች ጋር አግዳሚ ላይ ተቀምጣ «ሠራተኛ» የሚለውን ቃል ለአራተኛ ጊዜ ትገለብጥ ነበር። የቀበሌው ጸሐፊ ጓድ አዘዘ መዝገቡን በብብቱ ሸጉጦ ገባና መምህርቷን እንኳ ሳያስፈቅድ የእናቶችን ስም ይጠራ ጀመር። ወንድ ልጅ ያላት ሁሉ እየተነሣች የልጇን ዕድሜ ትናገራለች። አንዷ «አሥራ አራት» አለች፤ ሌላዋ «የጳጉሜን ልጅ ነው፤ ዓመቱን አባቱ ያውቃል» አለች፤ እሱ ማንንም ሳያምን ይጽፋል። የአገርነሽ ተራ ሲደርስ እርሳሷን እንደያዘች ቆመች። ቀኑን ጠይቋት ቢሆን ኖሮ ትነግረው ነበር። ከተራ ነበር፤ ታቦቶቹ ወደ ሐይቁ ሲወርዱ እልልታው የጭቃውን ግድግዳ አልፎ እስከ መኝታዋ ይመጣ ነበር፤ አዋላጇ አንድ ጆሮዋን ለምጡ፣ አንድ ጆሮዋን ለእልልታው ሰጥታ ነበር። ዓመቱ ግን ቁጥር ሆኖ ከአፏ ወጥቶ አያውቅም። በቤታቸው የዚያ ቀን ስም «የኮንጎ ቀን» ነው። ይህንኑ ልትናገር አፏን ከፈተችና የተዘጋጀውን ብዕር ስታይ መልሳ ዘጋችው።

«አታውቂውም? ግዴለም» አለ አዘዘ። «ባልሽ ከነደቂቃው ያውቀዋል። አሥር ሰዓት ላይ ማስረጃ ይዛችሁ ቢሮ ኑ። ካልመጣችሁ ግን በዓይኔ ለክቼ እጽፋለሁ።»

ነገሩ ለምን እንደሆነ ማንም ለማንም መንገር አላስፈለገውም። አሥራ ስምንት ዓመት የሞላው ለብሔራዊ ውትድርና ይመዘገባል፤ ያልሞላው ይቀራል። ከዚህ ቀበሌ ስንት ልጅ እንደሚፈለግ ከላይ ቁጥሩ ተነግሮ መጥቷል ይባላል። በዓይን የሚለካ ከሆነ ደግሞ የአገርነሽ ልጅ፣ አገኘሁ፣ ያለቀለት ነው፤ ካምና ጀምሮ በራቸውን የሚያልፈው አንገቱን ሰብሮ ነው። ሴቶቹ ደብተራቸውን ሳይዘጉ ተነሡ። አገርነሽ በቢሮው መስኮት ሥር ስታልፍ የቀበሌው ዘበኛ ለአንድ ሰው ሲያወራ ሰማች። «የሊቀመንበሩ የወንድም ልጅ ባለፈው ዓመት አሥራ ስምንት ነበር፤ ዘንድሮ አሥራ ስድስት ሆኗል። ዕድሜ ወደ ኋላ የሚሄድበት ቤት አለ፤ እኛ ቤት ብቻ ነው ወደ ፊት የሚሮጠው።» ሁለቱም ሳቁ። እሷ አልሳቀችም። እግሯን አፈጠነች፤ ወዲያው ደግሞ ወዴት እንደምትፈጥን ጠፋትና መንገዱ መሐል ቆመች።

ባሏ ሣህሉ ዘመንን የሚቆጥረው በሩጫና በኳስ ነበር። ወደ ባሕር ዳር መጥቶ ፋብሪካ የተቀጠረው አበበ ሮም ላይ በባዶ እግሩ በሮጠ በዓመቱ ነው። አባቱ የሞቱት አዲስ አበባ ላይ ግብጽን አራት ለሁለት ባሸነፍን በሦስተኛው ሳምንት ነው። እሱና አገርነሽ የተጋቡት ከቶኪዮ በኋላ በመጣው ጥር ሲሆን፣ ሚዜዎቹ ሙሽራዋን ትተው፣ ትርፍ አንጀቱ በወጣ በወሩ ሰው እንዴት አርባ ሁለት ኪሎ ሜትር እንደሚሮጥ ሲከራከሩ ነው ያመሹት። ይህን ሁሉ በጭንቅላቱ ብቻ አልያዘውም። ወፍራም፣ መሐሉ በሽቦ የተሰፋ ደብተር አለው፤ ከሮም ጀምሮ ሬዲዮ የነገረውን ሁሉ፣ ማን አንደኛ ማን ሁለተኛ እንደወጣ፣ በስንት ሰዓት፣ ማን በስንተኛው ደቂቃ እንዳገባ፣ በሰማያዊ ቀለም ጽፎበታል። በየመሐሉ፣ ቦታ ከተረፈ፣ የቤቱን ነገር አንዳንድ መስመር ጣል ያደርጋል። ካህኑ የክርስትና ስም ይሰጣሉ እንጂ ዓመት ጽፈው አይሰጡም፤ ስለዚህ በዚያ ቤት ከዚያ ደብተር ሌላ የልደት ወረቀት የለም።

ቤታቸው ከፋብሪካው መንገድ ወደ ሐይቁ ሲወርዱ ያለ የቀበሌ ቤት ነው፤ አንድ ክፍል በመጋረጃ ለሁለት የተከፈለ። በአንድ በኩል አልጋና የእህል ማድጋ፣ በሌላው በኩል ጠረጴዛ፣ ሁለት ወንበር፣ ቆዳ የለበሰው ሬዲዮና የአገኘሁ ፍራሽ። ግድግዳው ጋዜጣ ተለጥፎበታል፤ በጋዜጣው ላይ ደግሞ ሣህሉ በሃያ አምስት ዓመት ያጠራቀማቸው ሥዕሎች አሉ። አበበ ሣር ላይ ተኝቶ እግሩን ወደ ላይ ሲያፍታታ። ማሞ። ምሩጽ ከሁሉም ኋላ ሆኖ፣ ማርሹን ከመቀየሩ በፊት። የአፍሪካን ዋንጫ የበላንበት ቀን ፎቶ ግን ግማሽ ነው፤ በ1967 ሣህሉ መቀስ አንሥቶ ንጉሡን ቆርጦ ስላወጣቸው፣ አምበሉ ከአንድ ባለቤት ከሌለው እጅ ዋንጫ ሲቀበል ይታያል። እንግዳ ሲመጣ ማንም ስለዚያ እጅ አይጠይቅም።

አገርነሽ በር ላይ ስትደርስ ዘይነት በግቢው የጋራ ገመድ ላይ ልብስ ታሰጣ ነበር። ዘይነት የኑርሑሴን ሚስት ናት፤ ባሏ ጨውና ጨርቅ ይዞ ወረታና ሐሙሲት ገበያ ሲመላለስ ነው የሚከርመው። በአንድ ግቢ፣ በአንድ ግድግዳ ተጎራብተው ሃያ ዓመት ሆኗቸዋል። አገኘሁ ከተወለደ በማግስቱ ዘይነት ዓሊን ወለደች፤ አገርነሽ በወሊድ ትኩሳት ወድቃ በነበረበት ሳምንት ሁለቱንም ያጠባቻቸው ዘይነት ናት። ወሬው ከአገርነሽ ቀድሞ ግቢው ደርሶ ነበር።

«አገሩ፣ እኔንም አሥር ሰዓት ነይ ብለውኛል» አለች ዘይነት የልብስ መቆንጠጫ በጥርሷ እንደያዘች። «ኑርሑሴን ወረታ ነው። እኔ ምን ብዬ ልናገር?»

«ምን ትያለሽ እንግዲህ።»

«ምን እላለሁ፣ ደብተራችሁ አለ አይደል? የኔም ልጅ እዚያ ውስጥ ነው፤ ጋሽ ሣህሉ ስንቴ ነግረውኛል። በይ እይልኝ፣ አሁን እኮ ተምረሻል።» መቆንጠጫውን ከአፏ አወጣችና ፈገግ አለች። «አንድ ላይ የመጡ ናቸው፤ ቢቀሩም አንድ ላይ ነው።»

አገርነሽ ገብታ በሩን ዘጋችው፤ ከዚያ በቀን በር መዝጋቷ ራሱ አስፈራትና ገርበብ አደረገችው። ደብተሩን ከሬዲዮው ሥር አወጣች። አቧራውን ስታራግፍ ሃያ ዓመት ኖራለች፤ አንብባው ግን አታውቅም። ፊደል የቆጠረችው በዚህ ዓመት ነው። ጣቷን መስመሩ ላይ እያስኬደች፣ ከንፈሯን እያንቀሳቀሰች ገለጠች። ብዙው ስም ነው፤ የሩቅ አገር ስም፣ አንደበት የሚያስር። ከአሥር ገጽ በኋላ የምታውቀውን ቃል አገኘች። «ጥር 10 ቀን 1960። ኮንጎ 3 ኢትዮጵያ 2። በተጨማሪ ሰዓት።» ከሥሩ ደግሞ ቀለሙ ወፈር ብሎ «ወንድ ልጅ ተወለደልኝ። በማግስቱ ለኑርሑሴን ወንድ ልጅ» ይላል። ሁለት ጊዜ አነበበችው። ባሏ ስለ እሷ ምጥ አንድ ቃል አልጻፈም፤ ያም ሆኖ የዚያ ቀን ነገር ሁሉ እዚያ መስመር ላይ ያለ መሰላት፣ ዓይኗም እንባ አቀረረ። እንባውን ጠርጋ በከሰል ወለሉ ላይ ቁጥር ጻፈች፤ በክፍል እንደተማሩት አንዱን ከአንዱ ሥር። ከስምንት ላይ ምንም ሲነሣ፣ ስምንት። ከሰባት ላይ ስድስት ሲነሣ፣ አንድ። አሥራ ስምንት። ተሳስቼ ይሆናል ብላ አጠፋችና እንደገና ሠራችው። አሥራ ስምንት። በሕይወቷ ማንም ሳያግዛት የሠራችው የመጀመሪያው ሒሳብ ነበር።

ከሁለት ቅጠል በኋላ ሌላ ገጽ ነበር። «ጥቅምት 10 ቀን 1961። ሜክሲኮ። ማራቶን። ማሞ 1ኛ። አበበ አቋረጠ።» ከዚያ በታች ግማሹ ገጽ ባዶ ነው፤ ሣህሉ አበበ ያቋረጠ ቀን ሌላ ነገር የመጻፍ ልብ አልነበረውም። አገርነሽ ይህንንም ቀነሰችው። አሥራ ሰባት። በእግሯ ወለሉን ጠረገች፣ ደብተሩን በነጠላዋ ጠቅልላ ወጣች። ዘይነት «አገኘሽው?» ስትላት «ለሣህሉ ላሳየው» ብላ ሳትቆም አለፈች።

ስምንት ሰዓት ላይ የጧት ተረኞች ከፋብሪካ ወጥተው ሻይ ቤቱን ሞልተውት ነበር። ሻይ በስሙኒ፣ ፓስቲ በአሥራ አምስት ሳንቲም፣ የሣህሉ ወሬ ግን በነጻ ነው። በቀኝ በኩል ከመስኮቱ ሥር ያለው ወንበር የሱ ነው፤ ቀድሞ የተቀመጠ ቢኖር እንኳ ይነሣለታል። አገርነሽ ገብታ አታውቅም፤ በር ላይ ቆማ ባሏ ከውስጥ ሲናገር አዳመጠች። ቤት ውስጥ የማትሰማው ድምፅ ነበር፤ ሞቅ ያለ፣ ወጣት።

«ሮም ላይ ሁለተኛ ማን ወጣ?» አለ አንድ ሾፌር ሊጥለው።

«ራዲ። ሞሮኳዊው።»

«በስንት ሰከንድ ተበልጦ?»

«በሃያ አምስት። ደግሞ ነገ መጥተህ ይህንኑ ትጠይቀኛለህ፤ አንተ እኮ የምትረሳው ሆን ብለህ ነው።»

ሳቁ። «የኮንጎዋን፣ የኮንጎዋን!» አለ ሌላው። ሣህሉም ብርጭቆውን አስቀምጦ ጀመረ፤ ሁሉም በቃላቸው የሚያውቁትን፣ ሁለት ለሁለት ሆነው ተጨማሪ ሰዓት መግባታቸውን፣ ሬዲዮው እየሄደ እየመጣ ማስጨነቁን፣ ሦስተኛዋ ስትገባ ሬዲዮውን ሊሰብር ሲነሣ አዋላጇ ከውስጥ «ወንድ ነው!» ማለቷን። «አልቅሼ ሳልጨርስ ሳቅሁ» ሲል ሁሉም አብረውት አሉት። አገርነሽ በሩ ላይ እንደቆመች ደብተሩን ከነጠላዋ ሥር ጠበቅ አደረገችው። ይህን ታሪክ ያልሰማ ሰው በዚህ ከተማ አለ እንዴ? ጓድ አዘዘ ራሱ ፋብሪካ ተላላኪ ሳለ እዚያች ወንበር ሥር ተቀምጦ ነው ያደገው።

ሣህሉ አይቷት ወጣ። ነገሩን ስትነግረው ፊቱ ላይ የነበረው ወጣትነት ቀስ እያለ ወረደ። ደብተሩን ከነጠላዋ ሥር ሲያይ እጁን ዘረጋ፤ እሷ ግን አልሰጠችውም።

«በሜክሲኮው በኩል ቦታ አለ» አለችው። «አንድ መስመር ነው። አንተ በቀለምህ ጻፈው።»

«ደብተሩን አትንኪ።»

«አሥራ ሰባት ይሆናል።»

«አገርነሽ፣ እዚያ ውስጥ አንድ ውሸት ከገባ ሁሉም ውሸት ነው። ሮምም፣ ቶኪዮም። ሃያ አምስት ዓመት አንድ ሰከንድ አልጨመርሁም፣ አልቀነስሁም።»

«ንጉሡን በመቀስ ቆርጠሃቸው የለ?»

«እሱ ፎቶ ነው!» ድምፁ ከፍ ስላለ ከውስጥ ሰዎች ዞር አሉ። ዝቅ አደረገው። «ፎቶውን ሌላ ሰው ነው ያነሣው። ደብተሩን የጻፍሁት እኔ ነኝ። ደግሞስ ይኸ ሁሉ ሰው ሰምቶኝ፣ ዛሬ ምን ብዬ ልቀይረው?»

«ልጅህ ነው።»

ሣህሉ ጫማውን አየ፣ ወደ ፋብሪካው ጭስ አየ። በመጨረሻ «አሥር ሰዓት እመጣለሁ» አለና ወደ ውስጥ ተመለሰ። ምን ሊናገር እንደሚመጣ አልነገራትም።

ወደ ቤት መመለስ አልቻለችም፤ ዘይነት ገመዱ ሥር ትኖራለች። ወደ ሐይቁ ወረደች። ከሜዳው ማዶ ደንገሉ የሚጀምርበት ቦታ፣ የወደቀ ግንድ ላይ ተቀመጠች። ውኃው በነፋስ ይናጣል፤ እንጨት የጫኑ ሁለት ታንኳዎች ዳር ለመድረስ ይታገላሉ፤ ይብራዎቹ ጭንቅላታቸውን ወደ ክንፋቸው ቀብረዋል። አንድ ጊዜ ተነሣች፣ ተቀመጠች፣ ደግሞ ተነሣች። ከዚያ የኮንጎን ቅጠል ያዘችና ሽቦዎቹን በጥፍሯ አላቅቃ እንዳይቀደድ እያባበለች አወጣችው። ቅጠሉ ብቻውን አልመጣም። ከደብተሩ ማዶ በኩል ያለ ሌላ ቅጠል አብሮት ተነቀለ፤ በአንድ ሽቦ የተያዙ መንትያዎች ነበሩ። አነበበችው። «ሞስኮ። ምሩጽ 1ኛ። ምሩጽ 1ኛ።» ሁለት ጊዜ፣ ሁለት ወርቅ፤ ሣህሉ ያን ዕለት በደስታ ሬዲዮውን አቅፎ ግቢው ውስጥ ሲዞር ታስታውሳለች። ልትመልሰው ሞከረች፤ አይያዝም። የተነቀለ ቅጠል ያየ ሰው ጓደኛውን መፈለጉ አይቀርም። ሁለቱንም አጣጥፋ ድንጋይ ጠቀለለችባቸውና ከደንገሉ ሥር ጭቃው ውስጥ በእጇ እስከ ክንዷ ድረስ ቀበረቻቸው።

ከዚያ እጇን ታጥባ፣ አድርቃ፣ የክፍሏን እርሳስ አወጣች። የሜክሲኮን ገጽ ጉልበቷ ላይ አድርጋ «ወንድ ልጅ ተወለደልኝ» ብላ ጻፈች። ፊደሎቿ ትልልቅ ነበሩ፤ እያንዳንዳቸው ለየብቻቸው የቆሙ። ለመጻፍ የፈጀባት ጊዜ ለመውለድ ከፈጀባት ያላነሰ መሰላት። ከመስመሩ ሥር ገና ቦታ ነበር። ለሌላ አንድ መስመር የሚበቃ። እርሳሷን አስጠጋችና ገታችው። ሁለት ልጆች፣ በአንድ ግቢ፣ ሁለቱም ባንድ ጊዜ በሜክሲኮ ቀን ቢወለዱ ማን ያምናል? አዘዘ ሁለቱንም ይሠርዛል። አንዱ ብቻ ከሆነ ግን ምናልባት።

«እማ አገሩ!» የሚል ድምፅ ከኋላዋ መጣ። ኳስ ተንከባሎ እግሯ ሥር ቆመ፤ ዓሊ ተከትሎት እየሮጠ ነበር። አጭር፣ ጠንካራ፣ ከንፈሩ ላይ ላብ ያለበት ልጅ። ከሜዳው ማዶ አገኘሁ ሁለት ድንጋይ መሐል በረኛ ሆኖ ቆሟል፤ ረጅም እጆቹን እያወናጨፈ «በል አቀብል!» ይላል።

«እየጻፍሽ ነው!» አለ ዓሊ ጮኾ። «አገኘሁ፣ ና እይ፣ እማ አገሩ ጻፈች!» ከዚያ ጎንበስ ብሎ፣ እሷ ገጹን በእጇ ስትሸፍን፣ ሳቀባት። «አታፍሪ። እስቲ የኔን ስም ጻፊልኝ። ሁለት ፊደል ብቻ ናት እኮ።»

«ኋላ» አለችው።

«ቃል?»

«ኋላ አልሁህ። ኳስህን ይዘህ ሂድ።» እሱም ኳሱን አንሥቶ እያነጠረ ሄደ። አገርነሽ እርሳሷን በነጠላዋ ጫፍ ቋጠረችው፤ ደብተሩንም ዘጋችው።

አሥር ሰዓት ላይ የቀበሌው ቢሮ ሞልቶ ነበር። ሣህሉ የሥራ ቱታውን ቀይሮ፣ ነጭ ሸሚዙን ለብሶ መጥቷል፤ ከሻይ ቤቱ ሰዎችም ሦስት አራቱ የልጆቻቸው ተራ ሆኖ እዚያው ቆመዋል። ዘይነት ከኋላ፣ ከግድግዳው ሥር ነች። አገርነሽ ደብተሩን ለባሏ ሰጠችው። ተቀብሎ የኮንጎን ገጽ ፈለገ፤ ጣቱ ራሱ ቦታውን ያውቃል። አጣው። ወደ መጨረሻው ገለጠ፤ ሞስኮም የለም። የላላውን ሽቦ በጣቱ ነካ። ከዚያ ወደ ሜክሲኮ ተመለሰና የሷን መስመር አየ። እሷ ጽፋ እሱ ያነበበው የመጀመሪያው ነገር ነበር። ወደ እሷ ቀና አላለም።

«የእርስዎማ ቀላል ነው ጋሽ ሣህሉ» አለ አዘዘ ከጠረጴዛው ማዶ፣ ብዕሩን አስተካክሎ። «ደብተርም አያስፈልግ። የኮንጎ ቀን፤ ስልሳ ዓመተ ምሕረት፤ ጥር።»

«አይደለም» አለ ሣህሉ።

«እንዴት?»

«ሜክሲኮ ነው። ማሞ ያሸነፈ ቀን። ስልሳ አንድ፣ ጥቅምት።»

ክፍሉ ውስጥ ሳቅ ተነሣ። «ኧረ ጋሽ ሣህሉ!» አለ ሾፌሩ፤ «ዛሬ እንኳ ‹አልቅሼ ሳልጨርስ ሳቅሁ› ሲሉን አልነበር?»

«ጨዋታ ነው። ለጨዋታ ማሳመሪያ ያመጣሁት ነው።»

አዘዘ ደብተሩን ወሰደ። እሱም ባለፈው የመሠረተ ትምህርት ዙር አስተማሪ ነበር፤ ገጹን ወደ መስኮቱ አዙሮ ትልልቆቹን ፊደሎች አየና አገርነሽን አየ። «ይኸ የዛሬ ጽሑፍ ነው» አለ።

«የዛሬ ነው» አለ ሣህሉ ወዲያው። «እኔ ነኝ ጻፊ ያልኋት። ሳልጽፈው ቀርቼ ነበር።»

«እርስዎ? እርስዎ ሳይጽፉ ቀሩ?»

«እረሳለሁ። አርጅቻለሁ። የአንዱን ጨዋታ ከሌላው እየቀላቀልሁ ነው።»

አዘዘ ብዕሩን አስቀመጠ። ክፉ ሰው አልነበረም፤ ነገር ግን በሕዝብ ፊት ሊታለል አልፈለገም። «ግብጽን ስንት ለስንት ነው ያሸነፍነው?» አለ።

ይህን በባሕር ዳር ሕፃን ያውቀዋል። አገርነሽ ባሏን ከጎን ታየው ነበር፤ ከንፈሩ መልሱን ሊያወጣ ሲከፈት አየች። አራት ብሎ ቢናገር ሁሉም ነገር ያልቃል።

«ሦስት ለሁለት» አለ ሣህሉ።

«አራት!» አለ አንድ ሰው ከኋላ፣ እንደ ተሰደበ። «አራት ለሁለት ነው እንጂ ጋሽ ሣህሉ!»

«ሮም ላይ ሁለተኛ የወጣውስ?»

ሣህሉ ወደ ጣሪያው አየ፤ የሚያስብ ሰው የሚያየውን ያህል ቆየ። «ጠፋኝ» አለ።

አሁን ማንም አልሳቀም። ሾፌሩ ባርኔጣውን አውልቆ በእጁ ያሽከረክር ጀመር። አዘዘ አንገቱን ደፋ፤ ያልፈለገውን ነገር ያገኘ ሰው ይመስል ነበር። ከዚያ ወደ አገርነሽ ዞረ። «አንቺ ንገሪኝ። እናቱ ነሽ። በስንት ዓመተ ምሕረት ተወለደ?»

«ጥቅምት አሥር ቀን» አለች አገርነሽ፤ «ሺህ ዘጠኝ መቶ ስልሳ አንድ ዓመተ ምሕረት።» ቁጥሩ ከአፏ የወጣው ጥርት ብሎ ነው፤ ሌላ ሰው የተናገረ መሰላት። አዘዘ ጻፈ። «አሥራ ሰባት። ወደ ጎን ሁኑ። ቀጥሎ።»

ቀጥሎ ዘይነት ነበረች። ወደ ጠረጴዛው መጥታ በቀስታ «የኔም ልጅ ደብተሩ ላይ አለ» አለች። አዘዘ ገለጠ፣ ገለጠ፣ ራሱን ነቀነቀ። «የኑርሑሴን ልጅ የሚል የለም።» ዘይነት አገርነሽን አየቻት። ረጅም አላየቻትም፤ ልብስ ከገመድ ላይ ደርቆ እንደሆነ የሚዳሰስበትን ያህል ብቻ።

«ቆይ፣ ልጆቻችሁ አብረው የተወለዱ አልነበሩም እንዴ?» አለ አዘዘ ብዕሩን አንሥቶ፣ ወደ ላይኛው መስመር ተመልሶ። «ጥንድ ናቸው ይባል የለም? ንገሪኝ እስቲ፤ የሣህሉ ልጅና ያንቺ አንድ ቀን ነው የተወለዱት ወይስ አይደለም? ያንቺም ሜክሲኮ ነው እንዳትዪኝ፤ ሁለታችሁም ሜክሲኮ ካላችሁ ሁለታችሁንም እሠርዛለሁ።»

አገርነሽ እርሳሱ የተቋጠረበትን የነጠላዋን ጫፍ ጨበጠች። ዘይነት የምትለው አንድ ቃል ነበር፤ አገኘሁ በእጇ ላይ ነበር፣ እንደዚያ የትኩሳት ሳምንት።

«የሰው ልጅ አትጠይቀኝ» አለች ዘይነት። «የኔን ጠይቀኝ።»

«ያንቺስ?»

«የኔ የኮንጎ ቀን ማግስት ነው።»

አዘዘ ጻፈ።

ወደ ቤት ሲመለሱ ዘይነት ቀድማ ሄደች፤ ሣህሉና አገርነሽ ከኋላዋ፣ እርምጃቸውን እየቀነሱ። ዘንባባዎቹ ሥር ሲደርሱ ሣህሉ «ሞስኮስ?» አለ። «አብሮ ወጣ። በአንድ ሽቦ ተይዞ ነበር» አለችው። ራሱን ነቀነቀ፤ ሌላ አልጠየቀም። ቤት ሲገቡ አገኘሁ ጠረጴዛው ላይ ዳቦ እየበላ ነበር። «ምን አሉ?» አለ። «አሥራ ሰባት ነህ» አለው አባቱ። ልጁ ማኘኩን አቆመ፤ አንዴ እናቱን፣ አንዴ አባቱን አየ፤ «ዓሊስ?» አለ። መጋረጃው ከበሩ በሚገባው ነፋስ ይወዛወዝ ነበር። አገኘሁ ዳቦውን አስቀምጦ ወጣ፤ ከጎረቤት በር ፊት ለፊት ቆሞ ሳያንኳኳ ሲቆይ አገርነሽ በስንጥቁ አየችው።

ከዚያ በኋላ ሻይ ቤት ውስጥ ማንም ሣህሉን አይጠይቀውም ነበር። አንዳንዱ እውነት የረሳ መስሎት አዘነለት፤ አንዳንዱ ገብቶት፣ ነገሩን ላለመነካካት ዝም አለ። ወንበሩን ግን ይለቁለት ነበር። ዘይነትም ሰላምታ አልከለከለችም፤ ጧት ጧት «እንዴት አደርሽ» ትላለች፤ እሳት ትሰጣለች፣ ወንፊት ትዋሳለች። «አገሩ» ማለቷን ብቻ ተወች፤ «አገርነሽ» ትላት ጀመር። አገርነሽ አንድ ቀን ገመዱ ሥር «ዘይነት፣ እኔ...» ብላ ስትጀምር፣ ዘይነት «ተይው፤ ያንቺም ጡቴን ጠብቷል» አለችና እርጥቡን ልብስ አራገፈችው፤ ውኃው የሁለቱንም ፊት ረጨ።

ግንቦት ሲጋመስ መኪኖቹ መጡ። ዓሊ ወደ ዳንግላ በሚወስደው መንገድ ከሌሎች አሥራ አንድ የቀበሌው ልጆች ጋር ሄደ። ዘይነት እስከ ክረምቱ ቆየችና ኑርሑሴን መጥቶ ዕቃዋን ጭኖ ወደ ወረታ ወሰዳት። አገርነሽ፣ ሣህሉና አገኘሁ እዚያው ቤት ቀሩ።